የታውኖ ትንፋሽ

ኩይካላ በሚባለው መንደር ሰው የሚታመመው ተደብቆ ነው። ጉንፋን የያዘው እንኳ "ትንሽ ደክሞኛል" ብሎ በሩን ይዘጋል እንጂ አሞኛል አይልም። የልብ ነገርማ ጭራሽ አይነሣም። ወንዶቹ ጡረታቸውን በቅጡ ሳይበሉ ጫካ ውስጥ ወይም ጀልባ ላይ ክልትው ይላሉ፤ ቀብር ላይ "እንዴ፣ ጤነኛ ነበር እኮ" ይባላል፤ ቡና በኬክ ተጠጥቶ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። የሄልካ አባት ኤይኖ የሞተው እንዲህ ነው። መጋዙን እንዳቀፈ ጥድ ሥር ተገኘ። ለካ ክረምቱን ሙሉ ደረቱን ሲያመው ኖሯል። ማንም አልጠየቀው፣ እሱም ለማንም አልነገረ።

ከዚያ ወዲህ ሄልካ ከልብ በሽታ ጋር ደመኛ ሆነች። መጀመሪያ ነርስ ሆና ሠራች። አልበቃት ሲል እዚያው ምሥራቅ ፊንላንድ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለዶክትሬቷ ጥናት ጀመረች። ጥናቱ ትንፋሽን ማሠልጠን የደም ግፊትን ያወርዳል ወይ፣ ልብንስ ያግዛል ወይ የሚል ነው።

መሣሪያዋ የእጅ ባትሪ የምታክል ፕላስቲክ ናት። ጫፏን በከንፈር ይዘው አየር ሲስቡባት ትታገላለች፤ ሰው የደረቱን ጡንቻ ሁሉ አስተባብሮ ነው የሚያሸንፋት። ለግማሹ ሰው ይህች የምትታገለው ተሰጠች። ለግማሹ ደግሞ መልኳ ያው የሆነ፣ ግን አየሩን እንደ ልብ የምታሳልፍ፣ የይስሙላዋ ተሰጠች። ማን የትኛዋን እንደያዘ ሄልካ አታውቅም፤ አለቃዋ ፕሮፌሰር ቬሳም አያውቅም። ምሥጢሩ ዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር ውስጥ ተቆልፎበታል፤ የሚከፈተውም ጥናቱ ካለቀ በኋላ በመጀመሪያው ሰኞ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ ወገኖች ይነጻጸሩና ነገሩ መድኃኒት ይሁን ጨዋታ ይለያል። የጥናቱ ሕግ አንድ ነበር፦ ሁሉም በየራሱ መሣሪያ፣ ለብቻው፣ ጠዋትና ማታ።

ፈቃደኛ ሰው ሲጠፋ ሄልካ መንደሯን ለመነች። ለሌላ ቢሆን በር የማይከፍቱት የኩይካላ ሰዎች "የኤይኖ ልጅ ናት" ብለው ከፈቱላት። ከተጠኚዎቹ እኩሌታ የሚሆነው ከዚያው ወጣ። ፕሮፌሰር ቬሳ በጣም ደስ ሲለው የሚያደርገውን አደረገ፤ ራሱን አንዴ ነቀነቀ።

ከሁሉ ቀድሞ የተመዘገበው አጎቷ ታውኖ ነበር፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም። አባቷ ከሞተ በኋላ በበረዶ ላይ መንሸራተት ያስተማራት፣ ዓሣ ማጥመድ ያሳያት፣ ትምህርት ቤት በዓል ሲኖር ኮቱን ለብሶ ከኋላ ቆሞ የሚያያት እሱ ነው። ብዙ አያወራም። ቢሆንም አንድም ቀን ቀርቶባት አያውቅም።

በመከር ለምርመራ ሲቀርብ ሆዱ ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ቧንቧ አብጦ ተገኘ። መጀመሪያ ማሽኑ ላይ ያየችው ሄልካ ናት። ሐኪሙ ሳይደብቅ ነገረው፤ ለቀዶ ጥገና ወረፋ ተያዘለት። እስከዚያ ከባድ ነገር አያንሣ፣ አያምጥ፣ መሣሪያዋንማ በዓይኑም አይያት ተባለ። ታግሎ አየር መሳብ ቧንቧውን ሊያፈነዳው ይችላል፤ ከፈነዳ ደግሞ ሰው የሚተርፈው በዕድል ነው።

ታውኖ ሸሚዙን እየቆለፈ፣ "ሌምፒ እንዳትሰማ" አለ። ሌምፒ ሚስቱ ናት።

"አጎቴ፣ ይኼ እኮ ትልቅ ነገር ነው።"

"ትልቅ ባይሆንማ እኔው እነግራት ነበር።"

ሄልካ ምን ታድርግ? የበሽተኛ ምሥጢር የበሽተኛው ነው፤ ሕጉም አፏን ይዟታል። ለመንደሩ "ታውኖ ለጥናቱ አይሆንም" ብላ ዘጋችው። እውነቱን እንናገር ካልን፣ ዝም ስትል እፎይም ብላ ነበር። ያንን ወሬ ይዛ ሌምፒ ፊት ከመቆም ዝምታው ይቀልላል። እሷም የኩይካላ ልጅ ናት እኮ።

መንደሩ ግን ነገሩን በራሱ መንገድ ተረጎመው። ሰው ሁሉ ሲታደለው ታውኖ ብቻ ተዘለለ፣ ያውም በገዛ ወንድሙ ልጅ። በግልጽ ያማት የለም፤ ሰላምታው ብቻ ትንሽ አጠረ።

መጋቢት ገባ። ሐይቁ ገና ጭነት መኪና የሚሸከም በረዶ ነው፤ ቀኑ ግን እየረዘመ፣ ፀሐይዋም ዓይን እየወጋች መጥታለች። ጥናቱ አለቀና ሄልካ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሣሪያዎቹን ልትሰበስብ መጣች። ሴቶቹ ሐይቁ ዳር ባለው የመንደሩ ሳውና፣ በእንፋሎት መታጠቢያው ቤት፣ ተራቸው ነበርና እጇን ይዘው አስገቧት። ሳውና ግቢ ተብሎ እምቢ ማለት ነውር ነው። ሌሎቹ ቀድመው ጨርሰው ወጥተው ስለነበር አግዳሚው ላይ ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ ሄልካ፣ አክስቷ ሌምፒና ምላሷ የማያርፈው ጎረቤታቸው ራይሊ።

ራይሊ የጋለው ድንጋይ ላይ ውኃ ቸለሰችና እንፋሎቱ ጣሪያ ነክቶ ትከሻቸው ላይ ሲወርድ፣ "አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ምን ብበድልሽ ነው ቀላሏን የሰጠሽኝ?" አለች።

"ቀላል መሆኗን በምን አወቅሽ?"

ራይሊ ሌምፒን አየቻት። ሌምፒ እግሯን አየች። ነገሩ የወጣው ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ነው። መሣሪያዎቹ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውናው ውስጥ ሲዞሩ ከርመዋል። ሴቶቹ በተራቸው፣ ወንዶቹም በተራቸው በቅርጫት ይዘው ይገባሉ፤ እየታጠቡ ከአፍ ወደ አፍ ያስተላልፋሉ። ማንኛዋ እንደምትታገል፣ ማንኛዋ ባዶ እንደሆነች መንደሩ በአንድ ምሽት ለየ። ከዚያማ ጠንካራዋን የያዘ ሰው ቀላሏን ለያዘ ጎረቤቱ ለሳምንት ያውሳል፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ይቀያየራሉ። እዚያ መንደር እንኳን መድኃኒት፣ የበረዶ መጥረጊያ መኪናም በጋራ ነው የሚገዛው።

"አንዱ ፈውስ ይዞ፣ ሌላው ባዶ ቱቦ ሲጠባ ዝም ብለን እንይ?" አለች ራይሊ፣ ምንም ሳታፍር። "እዩኝ እዩኝ አላልንም። ላንቺም አልነገርንሽም፤ ደግ ልጅ ነሽ፣ አለቆችሽ እንዳይቆጡሽ ብለን።"

የሄልካን የዓመታት ሥራ ውኃ በላው። ሁለት ወገን የለም፤ ሁሉም ሁለቱንም ስቧል። ሰኞ ኮምፒዩተሩ የሚከፍተው ምሥጢር ምሥጢር አልነበረም። ልታለቅስ ነው ልትሥቅ ሳታውቀው፣ ሌምፒ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

"እኔስ ብትቆጪም እነግርሻለሁ፤ ዛሬ ስለምትወስጃት። የኔዋን አንድ ቀንም አልሳብኩባትም። ከመጀመሪያውም ለታውኖ ነው የሰጠሁት።"

ሄልካ ክው አለች። "የትኛዋ ናት?" አለች። "ያንቺዋ ጠንካራዋ ናት ቀላሏ?"

"ከመንደሩ ሁሉ ጠንካራዋ ናት" አለች ራይሊ ጣልቃ ገብታ። "እኔ ስሞክራት ዓይኔ ሊወጣ ነበር።"

ሌምፒ ታሪኩን ስትናገር ፊቷ ላይ ኩራት ነበር፤ ሄልካን ያሳመማት እሱ ነው። ማታ ማታ ፊት ለፊቱ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። እሱ ይስባል፣ እሷ ትቆጥራለች። የለገመ ሲመስላት "ጠበቅ አድርግ፣ ታውኖ፣ ለራስህ ነው" ትለዋለች። ጠዋት ከሥራ በፊት ይደግመዋል። ቅር እንዳይላት ብሎ ይሁን ወዶት፣ እምቢ ብሎ አያውቅም።

"ኤይኖን እንደቀበርነው እሱን መቅበር አልፈልግም" አለች ሌምፒ። "አንቺ ብትተዪውም እኔ አልተወውም።"

ታውኖ የት እንዳለ ሄልካ ጠየቀች። ከምሳ በኋላ ሐይቁ ላይ ወጥቷል፣ ከደሴቲቱ ወዲያ፣ ዓሣ ሊያጠምድ። በረዶውን የሚበሳበትን መሰርሰሪያ ሸርተቴው ላይ ጭኖ እየጎተተ ነው የሄደው። መሣሪያዋንም ይዟታል፤ ዛሬ የመጨረሻዋ ቀን ስለሆነች ጥሩ አድርጎ ሊስብባት፣ አየሩም እዚያ ንጹሕ ስለሆነ።

ሄልካ ከአግዳሚው ወርዳ በሩ ጋ ደርሳለች።

"ምነው?" አለች ሌምፒ። "ምን ሆንሽ?"

ይኼኔ ነበር መናገር። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ግን ራይሊ አለች፣ ሕጉ አለ፣ ታውኖ ሸሚዙን እየቆለፈ የተናገረው አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሌምፒ ፊት አለ። ሄልካ እንደገና ፈራች።

"መሣሪያዋ ዛሬ መመለስ አለባት" አለች።

"መሣሪያዋ ብቻ?"

"መሣሪያዋ ብቻ።"

ሌምፒ ትክ ብላ አየቻት። ሄልካ በሩን ከፍታ ወጣች።

ሹራቧን እርጥብ ገላዋ ላይ ጎትታ፣ ጫማዋን በባዶ እግሯ አጥልቃ ወደ ሐይቁ ሮጠች። ስልክ ደወለችለት፤ ጠራ፣ ጠራ፣ አይነሣም። የታውኖ ስልክ የቤት ዕቃ ነው፤ ኩሽና መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ነው የሚኖረው። በረዶው ላይኛው ፊቱ በፀሐይ ለስልሶ እግር ያሰምጣል። ፀጉሯ ወዲያው ደርቆ ግንባሯን ይገርፋታል። እየሮጠች የሐኪሙን ቃል ታስባለች፦ አያምጥ። ሌምፒ ደግሞ ማታ ማታ "ጠበቅ አድርግ" ስትለው። ከመከር እስከ መጋቢት። እንዴት እስካሁን ቆየ? ዛሬ ደግሞ "ጥሩ አድርጎ" ሊስብ ነው። ወይ የኔ ዝምታ፣ አለች በልቧ፣ ወይ የኔ ጨዋነት።

ደሴቲቱን ስትዞር አየችው። ትንሽ ጥቁር ነጥብ መስሏል፤ ጎንበስ ብሎ ይሰረስራል። እንኳን መሣሪያዋ፣ ያ መሰርሰሪያ ብቻውን ይበቃዋል። ጮኸች። ነፋሱ ድምፅዋን ወደኋላዋ ወሰደው። ታውኖ ቀጥ አለ፤ ከዚያ ቁጭ አለ። ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ አይንቀሳቀስም።

ሄልካ ትንፋሽዋ እየተቆራረጠ ቀረበች። ጀርባውን ብቻ ነው የምታየው። ባርኔጣው ወደፊት አዘንብሏል፣ ክንዱ ጉልበቱ ላይ ወድቋል። አባቷም ሲገኝ ተቀምጦ ነበር ብለው ነግረዋታል። ልትነካው እጇን ዘረጋች።

"ዓሣዎቹን አባረርሽብኝ" አለ ታውኖ ሳይዞር።

ሄልካ በረዶው ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። "የት አለች? መሣሪያዋን አምጣት።"

ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣት፤ በሌምፒ መሐረብ ተጠቅልላለች። ሄልካ መቆጣት ጀመረች። አንተ ጤና የለህም ወይ፣ ሐኪሙ የነገረህን በየትኛው ጆሮህ ሰማኸው፣ ይህንን ሁሉ ወር ስትስብባት ሞትን እየጠራህ እንደሆነ አታውቅም ወይ፤ ያልተናገረችው የለም። በዚያ መንደር አንቱ የሚባለው ቄሱ ብቻ ስለሆነ አንተ ማለቱስ ደንብ ነው፤ እንዲያ ተንጣጥታበት ግን አታውቅም። ታውኖ እስክትጨርስ ጠበቃት።

"አንድ ቀንም አልሳብኩባትም" አለ።

"ሌምፒ እየቆጠረችልህ?"

"በአፍንጫዬ ነዋ የምተነፍሰው።" አፉን ግጥም አድርጎ አሳያት፤ ጉንጩን አሰረጎደ፣ ዓይኑን አፈጠጠ፣ ትከሻውን ወደ ላይ ሳበ። አየሩ ግን በአፍንጫው ቀዳዳ ቀስ ብሎ ነበር የሚገባው። "ሳውና ውስጥም እንደዚሁ። ለወንዶቹ አልፈልግም ብል ለምን ይሉኛል። ለሌምፒ እምቢ ብላት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ስለዚህ እንዲህ አደርግላታለሁ፤ ደስ ይላታል።"

ሄልካ ሣቀች። ሣቋ ሲያበቃ እንባዋ መጣ፤ እሱንም በእጅጌዋ ጠረገችው። አጎቷ ተርፏል። ሚስቱን ለማስደሰት የይስሙላ ሲተነፍስ የከረመ የጥናቱ ትልቁ አስመሳይ፣ ግን በሕይወት ያለ። ጥናቱ ገደል ይግባ አለች፣ ለጊዜው ከልቧ።

ከዚያ ግን ለሌምፒ ዛሬውኑ እንዲነግራት ለመነችው። እሱ ሐይቁን እያየ፣ የቀዶ ጥገናው ቀን ተቆርጧል፣ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ልብስ ሊገዛ ከተማ የሄደ አስመስሎ ሆስፒታል ይገባል፤ ከተሳካ ያን ጊዜ ይነግራታል፤ ለምን ከወዲሁ እንቅልፍ ትጣ አለ።

"ካልተሳካስ?"

"ካልተሳካ አንቺ ትነግሪያታለሽ።"

"አባቴም እንዲህ አስቦ ነበር ማለት ነው" አለች ሄልካ። "እናቴ እንቅልፍ እንዳታጣ። ከሞተ በኋላ አንድ ቀን ተኝታ አላየኋትም።"

ታውኖ ተነሥቶ ዕቃውን ሸርተቴው ላይ መጫን ጀመረ። መሰርሰሪያውን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ግን እዚያው ቀረ። እጁ ወደ ወገቡ ሄደ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ የሆነ ነገር ሊላት ፈልጎ "ምንም አይደል" አለ። ኩይካላ ውስጥ ሰው "ምንም አይደል" ካለ ጉዳዩ አልቆለታል።

ሄልካ ሸርተቴው ላይ አስተኛችውና ወደ አስቸኳይ እርዳታ ደወለች። ስሟን፣ ቦታውን፣ የቧንቧውን ነገር ሳትደናበር ተናገረች። ሄሊኮፕተር ይነሣል ተባለች፤ በረዶው ይሸከማል፣ እዚያው ያርፋል። ምንም አይጠጣ፣ አይቀመጥ፣ አይደንግጥ። ግፊቱ ከፍ ካለ የተሰነጠቀው ይቀደዳል።

አይደንግጥ ማለቱ ቀላል ነው። ታውኖ አላለቀሰም፣ አልጮኸም፤ ትንፋሹ ግን ቶሎ ቶሎ ይመጣ ጀመር። ደረቱ ይዘላል። ግንባሩ በዚያ ብርድ ላይ ላብ አወጣ። ሄልካ እጁን ስትይዘው የደም ሥሩ ጣቷ ሥር ይጋልባል። መድኃኒት የላትም፣ መርፌ የላትም፣ ማሽን የላትም። ያ ሁሉ ዓመት ያጠናችው አንድ ነገር ብቻ ነው ያላት።

"አጎቴ፣ እኔን እይ። ሰማዩን ተወው፣ እኔን እይ። በአፍንጫህ ሳብ።"

ዓይኑን አዞረላት።

"በአፍንጫህ። እሱን እንኳ ታውቅበታለህ።"

የከንፈሩ ዳር ትንሽ ተነቃነቀ። ሳበ። "አሁን ቀስ ብለህ ልቀቀው፣ ሳትገፋው፣ እንዲሁ ይውጣ።" አብራው ሳበች፣ አብራው ለቀቀች። መጀመሪያ ላይ አልገጠመላትም፤ እሷ ገና ሳትጨርስ እሱ ይቀድማል። ያዝ አድርጋ ደገመችለት። ይገባል፣ ይወጣል። ነፋሱ በረዶውን ይጠርጋል። እንደገና ይገባል። ከጣቷ ሥር ያለው ግልቢያ ገራ ማለት ሲጀምር ተሰማት፤ ደስ እንዳይላት ፈራችና መቁጠሯን ቀጠለች።

ከደሴቲቱ ወዲያ ሌምፒ ብቅ አለች። ባለወንበር መንሸራተቻዋን እየገፋች፣ ካፖርቷን በሳውና ፎጣ ላይ ደርባ፣ ፀጉሯ በረዶ ሠርቶ። ቀርባ ቆመችና ባሏን አየችው፤ ከዚያ ሄልካን።

"ውሸት አታውቂበትም" አለች። "አባትሽም አያውቅበትም ነበር። ምንድን ነው?"

ሄልካ አፏን ስትከፍት ታውኖ እጇን ጠበቅ አደረገ። ተራው የሱ ነው።

"ሌምፒ" አለ። "ሆዴ ውስጥ ያለው ትልቁ ቧንቧ አብጧል። ከመከር ወዲህ አውቀዋለሁ።"

ሌምፒ አልጮኸችም። መንሸራተቻዋን ለቀቀችና በረዶው ላይ በጉልበቷ ወረደች። ካፖርቷን አውልቃ ደረበችለት፤ በፎጣና በሹራብ ቀረች። ከዚያ በጣም ዝግ ብላ ሄልካን ጠየቀቻት። "መሣሪያዋስ? ያቺ እኔ የሰጠሁት?"

ከእንግዲህ መሸሸጊያ የለም። "ትገድለው ነበር" አለች ሄልካ።

ታውኖ ግን አፍንጫውን በጣቱ ነክቶ አሳያት። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት፤ ማታ ማታ ፊት ለፊቷ ያፈጠጠው ዓይን፣ የሰረጎደው ጉንጭ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ገባት። ምንም ሳትል እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ ከሁለቱ ጋር መተንፈስ ጀመረች። የሄሊኮፕተሩ ድምፅ ከደቡብ በኩል ሲመጣ ሦስቱም በአንድ ላይ ይስባሉ፣ በአንድ ላይ ይለቃሉ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሲጠብቁ ሄልካ ለፕሮፌሰር ቬሳ ደወለች። ሰኞ ምንም እንዳይከፈት፣ የኩይካላ ሰዎች መሣሪያ ሲለዋወጡ እንደከረሙ፣ የነሱ ውጤት በሙሉ መውጣት እንዳለበት ነገረችው። ለምን እንዳልተከታተለች ትጠየቃለች፤ ትጠየቅ። ቬሳ መጀመሪያ የጠየቃት ስለ አጎቷ ነበር። ከዚያ ከባዶ ልትጀምሪ ነው ማለት ነው አላት፤ አውቃለሁ አለችው።

ስልኩን ስትዘጋ ሌምፒ መሐረቧ ውስጥ የተጠቀለለችውን መሣሪያ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታያት ነበር።

"እሱ እዚያ ተኝቶ እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው" አለች። "ባይዋሸኝ ኖሮ በገዛ እጄ ገድዬው ነበር።"

"አክስቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሳውናው ውስጥ እንኳ ልነግርሽ ስችል ዋሸሁሽ።"

"ዋሽተሽኛል" አለች ሌምፒ። ይቅር ብዬሻለሁም፣ አላልኩሽምም አላለችም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ ሲተርቱ እሰማ ነበር። እኛ ግን ስንደብቅ ኖርን። እኔም እኮ ኤይኖ ሲያቃስት ሰምቼው አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ፣ እንጨት ሲፈልጥ። ምን አገባኝ ብዬ አለፍኩ።"

ሄልካ ይህንን በሕይወቷ የሰማችው ያን ቀን ነው። የአክስቷን እጅ ያዘች። የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ሲከፈት ሁለቱም እኩል ተነሡ። ቀዶ ሐኪሟ ጭምብሏን አወረደች። ቧንቧው ሲያፈስ ደርሰንበታል፣ ጨርሶ አልተቀደደም ነበር፤ ጠግነነዋል፤ አጋጣሚም ሆኖ ልቡ እየጋለበ አልነበረም፣ ግፊቱ ዝቅ እንዳለ ነው የመጣው አለች። ሌምፒ ቁጭ አለችና ፊቷን በመሐረቡ ሸፈነች። መሣሪያዋ ወድቃ ወለሉ ላይ ተንከባለለች፤ ማንም አላነሣትም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሄልካ ልትጠይቀው ስትገባ ታውኖ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ከቀዶ ጥገና በኋላ ሳንባ እንዳይታፈን ለበሽተኛ ሁሉ የሚሰጠውን ሰጥተውታል፦ ግማሽ ድረስ ውኃ የተሞላ ጠርሙስና ቀጭን ቱቦ። ቱቦውን በአፍ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ውኃው መንፋት ነው፤ ውኃው ቡልቅ ቡልቅ ካለ ሰውየው በርግጥ ተንፍሷል ማለት ነው። ራይሊና ግማሽ መንደሩ መጥተው አይተውታል፤ ስለ ቧንቧውም ማንም ሳያስገድደው ራሱ ነግሯቸዋል። ራይሊ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ እሷም የስኳር በሽታ ክኒን መዋጥ ከጀመረች መክረሟን ለሄልካ ሹክ ብላታለች።

ሌምፒ እንደ ቤቷ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። ታውኖ ቱቦውን ከንፈሩ ላይ አደረገ፣ ጉንጩን ነፋ፣ ዓይኑን አፈጠጠ። ውኃው ቡልቅ አለ። ሌምፒ አልቆጠረችም። ውኃውን አየች፣ ባሏን አየች፣ ከዚያ ተነሥታ በሁለት ጣቷ አፍንጫውን ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

"አሁን ንፋ" አለችው።